ነጯ ላም

ይህ አምድ የከብት እርባታ አምድ ነው። ስለ ብድር የሚያወራ የመሰለው አንባቢ ካለ ኪሱን ይፈትሽ።

ላም ለርቢ መስጠት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቱ ላሟን ይሰጣል፣ አርቢው ያግዳል፣ ያልባል፤ ጥጃ ሲመጣ ይካፈላሉ። ድርቅ ከገደላትም ቆዳዋን አይተው አብረው ከንፈር ይመጣሉ። ነጯ ላም ግን ሌላ ዝርያ ናት። የመጣችው ከባሕር ማዶ ነው፤ በኩንታል ትመዘናለች፤ ጥጃዋ የባለቤቷ ነው፤ እናቲቱም ትመለሳለች። በረዶ መታት፣ ተምች በላት ብሎ ቆዳ ማሳየት አያድንም፤ ቆዳዋ ላይ የተጻፈው «50 ኪሎ» ብቻ ነው። አንድ አራሽ እንዲህ ብሎ አንጎራጎረ አሉ፤ ከላም ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ፦

ማዳበሪያ ወስደህ ምን ተረፈህ አሉኝ፣
ማዳበሪያው አለ፣ እሱን እንኳ ተዉልኝ።

ዝርያዋ በሰፊው የተሠራጨችው በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ነው። ባንክ ገበሬን ስለማያምን ክልሉ በጀቱን አስይዞ ዋስ ቆመ። ክልል ዋስ ሲሆን ወረዳው እረኛ ይሆናል፤ ጠዋት «በመስመር ዝራ» ያለው የልማት ሠራተኛ ማታ «ጥጃው የታለ?» እያለ ይመጣል። በዚያው ዘመን የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። እናም አርቢው «ዋስ ሁኚኝ» ብሎ ማሳውን ቢለምናት «እኔ የመንግሥትና የሕዝብ ነኝ» ትለው ነበር። የቀረው ጎረቤት ነበር። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ገመድ ይታሰራል፤ የአንዱ ላም ብትሞት የቀሩት ጥጃዋን ያሳድጋሉ።

የምትወልደው ጥር ላይ ነው። ነጯ ላም ወለደች ሲባል «እንኳን ማርያም ማረችህ» የሚል ጎረቤት የለም፤ እሱም ቤት ወልዳለችና። ጥር ሁሉም አውድማውን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ገበያ የሚወጣበት፣ እህል የሚረክስበት ወር ነው። አርቢው ለጥጃው ሲል በቆሎውን ጭኖ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ በቆሎ ከነጋዴው መልሶ ይገዛል፤ በስንት እንደገዛው ሚስቱን ጠይቁ። ሰው በጥጃዋ ውፍረት ያማርራል፣ «በመቶ ይህን ያህል አለች» ይላል። እኔ ግን ጥጃዋ ከሲታ ናት ባይ ነኝ። ቤት የሚያፈርሰው የመውለጃ ቀኗ ነው።

ገናና ዘመኗ 1994 ዓ.ም. ነበር። በቆሎ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ዋጋው ወደቀ፤ መሰብሰቢያው ከመሸጫው በልጦ ማሳው ላይ የቀረም ነበር። ላሟ በቀኗ ወለደች። ጥጃ ለማሳደግ የእርሻ በሬ የተሸጠው ያኔ ነው፤ እንዲህ ያለ የእርባታ ጥበብ ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዓመቱ ዝናቡ ቀረና ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ ስንዴ ጠበቀ። የዚያን ጊዜ የከብት ሐኪሞች «ችግሩ የአርቢው ግንዛቤ ማነስ ነው» ብለው ሥልጠና ሰጡ።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣና የሚንቀሳቀስ ንብረት ሁሉ፣ በሬም ጭምር፣ ለብድር መያዣ መሆን ይችላል ተባለ። በሬው ተጠርቶ አልተጠየቀም።

በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሆነውን ላውጋችሁ። አንድ አዛውንት ተነሥተው ከወረዳ የመጣውን ወጣት እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እባክህ ላሚቱን ንገርልን፤ ግንቦት ላይ ትውለድ። እህላችንም ያኔ ዋጋ ያወጣል።»

«አባባ፣ ላም በቀኗ ነው የምትወልደው። አንድ ቀን አታሳልፍም።»

«እሺ። ቀን የምታውቅ ከሆነ ታዲያ ለዘር ስንፈልጋት ለምን ይጠፋባታል? ዘንድሮ ግንቦትን ሙሉ ደጅ ደጁን ስናይ ከርመን፣ የመጣችው በቆሎው ጉልበቴ ሲደርስ ነው።»

ወጣቱ ማስታወሻውን አገላበጠ።

«እሱ ከእኛ አይደለም አባባ። ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከቧ ዘግይታ ነው።»