1 ለ 5

ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። የእኛ የግሩፕ አሳይመንት ስድስት ሰው ብቻ ነበረው፤ መግባባታችን ግን ያስቀና ነበር። ግሩፑ እንደተከፈተ ስም ወጣለት፣ ፎቶ ተለጠፈለት፣ ስቲከር ዘነበበት። «ሥራውን እንዴት እንከፋፈለው?» ብዬ ጻፍኩ። አምስቱም አነበቡት። ጸጥ። እንዲህ ለተዋሃደ ሰው ቃል ምን ያደርግለታል?

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዱ የአውራ ጣት ምልክት ላከ፤ እንደ ምዕራፍ ሁለት ቆጠርኩለት። አንዷ «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ» አለች፤ ቲክቶክ ላይ ስትጨፍር ግን ኔትወርኩ አብሯት ይጨፍር ነበር። ሌላው በማስረከቢያው ዋዜማ ብቅ ብሎ «ፎንቱ 12 ይሁን» አለ። ከዚያ ወዲያ አስተባባሪያችን እሱ ነው።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ላፕቶፔ 9 ፐርሰንት ቀርቶት ስጽፍ ግሩፑ ነቃ። በአንድ ደቂቃ አምስት መልእክት፦ ሙሉ ስም፣ የአያት ስም ሳይቀር፣ ከነመታወቂያ ቁጥሩ። «1 ለ 5» የሚባለው አደረጃጀት ስሌቱ የገባኝ ያኔ ነው፤ አንዱ፣ ለአምስቱ።

ጠዋት ሰነዱን ላክሁላቸው። አስተባባሪው ወዲያው መለሰ፦ «ስሜ ላይ አንድ ፊደል ጎድላለች። እባካችሁ ጥራት ላይ እንበርታ።»