«እኔ እንኳ አያገባኝም»፦ የከሚሴ ነዋሪ አስተያየት አመራረትና የርቀት ሕጉ

በከሚሴ አስተያየት የሚከፈተው «እኔ እንኳ አያገባኝም» በሚል ሐረግ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ተናጋሪው ዝም ሊል መስሎት ስኒውን ያነሣል። ስሕተቱ የሚገባው አቦል አልፎ፣ ቶና አልፎ፣ በረካ ተቀድቶ ሰውዬው ገና መግቢያው ላይ መሆኑን ሲያይ ነው። የማያገባው ነገር ነዳጅ ከሆነ ኩዌት ደርሶ ይመለሳል። የጎረቤት ሠርግ ከሆነ የሙሽራዋን አያት ጥሎሽ ሳይቆጥር አያበቃም።

ስለ ጨፋ ረግረግና ስለ ሣሩ፣ ስለ ቦርከና ወንዝና ኮምቦልቻ ላይ ስለሚቀላቀለው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ ምሁራን ደጋግመው ጽፈዋል። ዝናብ የማይጠብቀውና ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር ምርቱ የሚጨምረው የአካባቢው ሰብል፣ ማለትም አስተያየት፣ ግን እስካሁን አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል።

የጥናቱ ቦታ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ናት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ተዘርግታለች። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ19 ሺህ በላይ ሰው አግኝቶባታል። ቆጠራው ሰው እንጂ አስተያየት ስላልቆጠረ ለዚህ ሥራ ብዙም አልጠቀመም። ስሟን በተመለከተ፣ ኦሮምኛ ሐሙስን «ከሚሳ» ይለዋል። ከዚህች አንዲት ቃል ተነሥቶ ከአሱር እስከ መግሪብ ሊከራከር የሚችል ሰው በየመንደሩ አለ። አጥኚው ከደጋፊም ከተቃዋሚም አንድ አንድ ሰምቶ ከሁለቱም ጋር ተስማምቷል።

ወደ ደሴ፣ ወደ ወልድያ፣ ወደ መቀሌ የሚወጣው ብዙው መኪና በዚህ ያልፋል፤ ወሬም ተሳፍራ ታልፋለች። ከሲኖትራክ ጋቢና ትወርዳለች፣ ከቅጥቅጡ በር ላይ ከተንጠለጠለው ረዳት አፍ ትወድቃለች፣ ሻይ ለመጠጣት ያህል ትቆምና ወፍራ ትሳፈራለች። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ መስመር አለ። የአፋሮች ዳጉ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ሞተ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። በዳጉ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል። በበጋ ከብቱን ወደ ጨፋ ለግጦሽ የሚነዳው አፋር ዳጉውንም አብሮ ይዞ ይመጣል። እስከ ጨፋ ዳር ድረስ ወሬው ንጹሕ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ሕግ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ነው። ነዋሪው ከዚህ ምሳሌ «ጨምርበት» የሚለውን ወዲያው ሥራ ላይ አውሎ፣ «መላ»ውን ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል።

የጥናቱን ዘዴ መግለጽ ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ቀን አጥኚው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጠ። ደብተሩ እንደተገለጠ ጨዋታው ወደ አየሩ ዞረ።

«ሙቀቱ ዘንድሮ በረታ።»

«በረታ።»

«አምናም እንዲሁ ነበር።»

«ነበር።»

ለሁለት ሰዓት ያህል በዚሁ ቀጠለ። ምክንያቱ በኋላ ተገለጠ፤ በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ከተጣለ ወዲህ ነጋዴ ፊት ደብተር መግለጥ ጥሩ ትርጉም የለውም። በሁለተኛው ቀን ደብተሩ ቤት ዋለ። በሦስተኛው ቀን አጥኚው ራሱ «እኔ እንኳ አያገባኝም» ብሎ ሲጀምር ወንበር ተሳበለት፣ «ጀባ!» ተባለለት። ስለዚህ በዚህ ጥናት ውስጥ መቶኛ የለም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ፈቃድም አልተጠየቀም፤ ቢጠየቁ ስለ ሙቀቱ ነበር የሚያወሩት።

ሰዋስውን እንመልከት። «ይመስለኛል» የሚባለው ግሥ በአካባቢው ጨርሶ ሥራ የፈታ ነው፤ ቦታውን «አሉ» ወስዶበታል። «ስኳር ሊገባ ነው አሉ።» ማን አሉ? «ሰዎች ናቸዋ።» የትኞቹ ሰዎች? «አይ እንግዲህ! የሚያውቁት ናቸው።» ሦስተኛ ጥያቄ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ደብተር እንደያዘ ይቆጠራል። «አሉ» ባለቤቱ የማይታወቅ ግሥ ስለሆነ አይከሰስም፣ አይታሰርም፣ ግብር አይከፍልም። ኦሮምኛውም «ጄዹ» ሲል ያው ነው። ነዋሪው ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚናገር በአንዱ የሰማውን በሌላው ያወራል፤ በዚህ መንገድ ምንጩ ሁለት ጊዜ ይጠፋል። ጨዋታው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይደምቃል፤ ያልተረዳው ሰው ሲስቁ አይቶ ይስቃል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ሦስተኛ ወሬ ይሆናል።

ይሁንና ሥርዓቱ ቁጥጥር የለውም ማለት አይደለም። የምርምር ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በባለሙያዎች እንደሚገመገም ሁሉ፣ እዚህም አስተያየት ከመሰራጨቱ በፊት «ወላሂ በል» ይባላል። ይህ ከባድ ፈተና ነው። ቅድም ሚኒስትሩን በስም እየጠራ ሲያወራ የነበረው ሰው ወዲያው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ወላሂስ አልልም። ግን የነገረኝ ልጅ አይዋሽም።» ልጁ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ግምገማው አልቋል፣ ጽሑፉ ከማሻሻያ ጋር አልፏል፤ ተሰብሳቢው «አጀብ!» ብሎ ያጸድቀዋል።

የአስተያየት ምርት እንደ ቀኑ ሰዓት ይለያያል። ከዙሁር በፊት ያለው አጭርና መራራ ነው፤ ሰዓቱ የጫት ሐራራ ነውና። ስለ ኑሮ ሲጠየቅ «ተወኝ» ነው፤ ስለ መንግሥት ሲጠየቅ «ተወው» ነው። (በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።) ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ፣ በርጫው ሞቆ ምርቃና ሲገባ ግን በአገሪቱ ያልተጠናቀቀ ፕሮጀክት አይኖርም። ለምሳሌ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መሥመር እንውሰድ። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ግንባታውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ፤ ሃዲዱ ተነጠፈ፤ ሕዝቡም ጥሩምባ ለመስማት ጆሮውን አቀና። ውጭ ያለው ሰው እስኪሰለቸው ጠበቀ። በርጫ ቤት ውስጥ ግን ባቡሩ በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምራል። የጨፋን ሰንጋ ጭኖ ጅቡቲ ያወርዳል፣ ሲመለስ ሩዝና ዘይት ይጭናል፤ 11 ሰዓት ላይ ወደ አሰብ ቅርንጫፍ ይወጣለታል። የትኬት ዋጋው ላይ ብቻ ጥቂት ክርክር ይነሣል። ከዚያ መግሪብ አዛን ይላል፤ ባቡሩ ባለበት ይቆማል፤ ገራባው ይጠረጋል። አንዱ ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ለመሆኑ መብራት መጥቷል?» ይላል።

የሴቶቹ ቡና ከዚህ ይለያል፤ አስተያየቱ ሥራ እየተሠራ የሚሰጥ ስለሆነ ብክነት የለበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወስኖ፣ በንግድ ባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር ሲያልፍ፣ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብራሩ ሰነበቱ። ከተማው ነገሩን «ብር ተንሳፈፈ» ብሎ ተቀበለው። እዚህ መንሳፈፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ቦርከና በክረምት ሲሞላ ግንድ ይንሳፈፋል፣ ጀሪካን ይንሳፈፋል፣ አንዳንዴ የሰው ፍየል ይንሳፈፋል። ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት እሳቱን እያራገቡ «የተንሳፈፈ ነገር ወደ ላይ ሲሄድ አላየሁም» አሉና ሁለተኛውን ቀዱ። አጥኚው ስለ ምንዛሪው ከሰማቸው አስተያየቶች ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የዘይት ዋጋ ሲጠየቅ ትክክለኛውም ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ምንጭ ቢደርቅስ? ይህም ተፈትኗል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከረመ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ድምፅን ራሷ አሜሪካ ዝም አሰኘችው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የኖረ ሽማግሌ ከጩኸቱ ጋር ብቻውን ቀረ። በሁለቱም ጊዜ የአስተያየት መጠን አልቀነሰም። ምንጩ ደርቆ ወንዙ የሚሞላበት ምክንያት ለውኃ ባለሙያዎች ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። የአስተያየት ርዝመት ከጉዳዩ ርቀት ጋር ይጨምራል። ረጅሙ የለንደን ነው፤ አርሴናል ሃያ ዓመት ሙሉ የሊግ ዋንጫ ሳያነሣ ሲቀር፣ ለሃያውም ዓመት መፍትሔ ይዞ የጠበቀ ሰው እዚህ አለ። በጥቅምት 2017ቱ የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ደግሞ ፔንሲልቬንያን ወረዳ በወረዳ ከፋፍሎ፣ የትኛው ቀበሌ ወዴት እንደሚያዘነብል ያስረዳ ባለ ባጃጅ ተገኝቷል፤ ተሳፋሪው መውረጃው አልፎት እስከ መጨረሻው ሄደ። የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት አንድ ሰዓት ይወስዳል። የኮምቦልቻ ነገር ግማሽ ሰዓት። የዞኑ ጉዳይ አንድ ስኒ። ከሚሴ ላይ ሲደረስ «አላህ ያውቃል» ይባላል፣ ስኒው ይገለበጣል።

ያው ባለ ባጃጅ ትናንት ሌሊት ከአስፋልቱ ማዶ ስለተሰማው ተኩስ ተጠይቆ «ርችት ይሆናላ» አለ። ወቅቱ የሠርግ አልነበረም።

አጥኚው መጀመሪያ ነገሩን አለማወቅ መስሎት ነበር። ሐሳቡን ያስቀየረው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አልረጋ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሲያንቀጠቅጥ፣ አንድ ቤት ውስጥ ወጣቶቹ ስለ ቀለጠ ዐለት፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ፣ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች ብረት ውፍረት ግማሽ ቀን አወሩ። ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተደቡብ፣ ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ በአገሪቱ ከተመዘገቡት ከባዶቹ አንዱ ነው። የአዲስ አበባው ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ፒየር ጉዌን አጥንተውታል።

«አባባ፣ እርስዎ ያኔ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እንዴት ነበር?»

«መጀቴ ፈረሰች» አሉ። ቀጥለውም ስኳሩን እንድናቀብላቸው ለመኑን።

ከዚህ በኋላ አጥኚው ቅርብ ስላለ ነገር መጠየቅ አቆመ። አንድ ማስረጃ ግን ሳይጠየቅ መጣ። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ አስፋልት ወደ ደቡብ ሲወርድ የከሚሴ ስም በዓለም ዜና ላይ ዋለ። ስሟን ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁ ተንታኞች ካርታ ዘርግተው 325 ኪሎ ሜትሩን በጣታቸው ለኩ። ያን ሳምንት ከልጆቹ ጋር ጓዳ ውስጥ፣ ወለል ላይ ተኝቶ ያሳለፈ አንድ ነጋዴ፣ ስልክ የሠራ ዕለት መጀመሪያ የደወለለት ጅዳ ያለው የአክስቱ ልጅ ነበር አለን። ልጁ ሁሉንም ያውቃል፤ ማን በየት በኩል እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ከነጋዴው ሱቅ ጀርባ ባለው መንገድ ምን እንዳለፈ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳው።

«አንተ እዚያው ተቀምጠህ ይህን አልሰማህም?» አለው በመጨረሻ።

«ኧረ አልሰማሁም» አለው ነጋዴው። «ከዚያስ?»