የይሉኝታ ሒሳብ

ከቃሊቲ ማሰልጠኛ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ምግብ ቤቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳዩት እድገት ያስደንቃል። ትናንት ላስቲክ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ጥብስ ያቀርብ የነበረው ቤት ዛሬ ግድግዳው ሰው ሠራሽ ሣር አብቅሏል። በሣሩ መሃል በሐምራዊ መብራት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል ያበራል፤ «ምግብ ቤት» መባሉም ቀርቶ «ላውንጅ» ሆኗል። ጥብሱ ግን ታማኝ ነው፤ አልተለወጠም። ተለወጠ ከተባለም ፈቀቅ ብሎ ለሽንኩርቱ ቦታ ለቅቋል።

ይህን እድገት «ዋጋ ጨመረ» እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ። ነገሩ አልገባቸውም። ተመጋቢ የሚከፍለው ለሥጋው አይደለም፤ ለሥጋው ቢሆን ሚዛን ይጠይቅ ነበር። የሚከፍለው ለሣሩ፣ ለመብራቱ፣ ድምፁ ጠፍቶ ሲበራ ለሚውለው ቴሌቪዥን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አስተናጋጇ ሜኑውን ሰጥታ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ለምትቆምባት ጸጥታ ነው። ያቺ ጸጥታ የቤቱ ዋና ካፒታል ናት። በዚያች ሰዓት «ይኼ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ በተለይ እንግዳ ወይም እጮኛ አብሮ ከተቀመጠ፣ የማይታሰብ ነውር ነው። ሰውዬው ጉሮሮውን ይጠርግና «እሱ ይሁን» ይላል። የመጣው ይምጣ።

ከመቶ ዓመት በፊት ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥም መግዛትም የሚያሳፍር ነገር ስለነበር ሰው ዝር አላለም ይባላል። በመጨረሻ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው ነው ሌላውን ያለማመዱት ተብሎ ይነገራል። ትምህርቱ ሳይዘልቅ አልቀረም። ያኔ ለበሉት መክፈል ያሳፍር ነበር፤ ዛሬ የሚያሳፍረው ሳይበሉ ዋጋ መጠየቅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከማዘዛቸው በፊት ዋጋ ጠይቀው እንደሆነ ታሪኩ አያነሳም፤ ለላውንጅ ባለቤቶች ባያነሳው ይሻላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። የሰፈሩ ቤቶች ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ይለጥፋሉ። አንዱ ከካሸሯ ጀርባ፣ ሌላው ከቢራ ማስታወቂያው ሥር፣ ሦስተኛው ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ ዋጋው ከተበላ በኋላ እንዲነበብ። ሜኑው ላይ ደግሞ በቁጥሩ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል፤ ወረቀቷ ላይ ሌላ ወረቀት። ጥፍሩ ረዘም ያለ ደንበኛ ቢፍቃቸው የአገሩን የዋጋ ግሽበት ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያነብባል፤ በ2014 የምግብ ግሽበት ከ40 በመቶ ሲያልፍ የተለጠፈችው ከሥር ትገኛለች። አሁን አሁን ወረቀቱም ቀርቶ ዋጋ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ መጥቷል። ይህ ማታ የተጨመረውን በማግስቱ ጠዋት ያለ ሙጫ ያሳያል። ስልኩ ዳታ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ይሉኝታውን ይዞ ያዝዛል።

ጭማሪው ያለ ምክንያት ነው ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ካለፈ ወዲህ አስተናጋጁ ሁሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሆኗል። ሽሮ ለምን ጨመረ? ዶላር። ዘይቱና ነዳጁ ከውጭ ይገባሉና እዚህ ላይ ሐቅ አለው። የሽሮው ሽምብራ ግን ከምሥራቅ ሸዋ ተነስቶ በዱከም በኩል ሲመጣ የትኛው ድንበር ላይ ቀረጥ እንደተጣለበት አይታወቅም። ምናልባት በቃሊቲ ጉምሩክ አጥር ሥር ስላለፈ ይሆናል።

ከትልልቅ ሆቴሎች የተቀዳ ሌላም ጥበብ አለ። ሜኑ ላይ 300 ብር የተባለ ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበትና 330 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 379 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ሳንቲም የሚመልስ ስለሌለ 380 እንበለው። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 200። እንግዲህ ያ አንድ ሰሃን የሁለት ቀን ደመወዝ ሊሞላ የሚጎድለው 20 ብር ብቻ ነው። ሃያዋ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ትሆናለች፤ ሒሳቡ እንዲህ ያምራል። የግል ፋብሪካው ሠራተኛ ከዚህ ስሌት ውጪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ለእሱ ዝቅተኛ ወለል ሳይቆረጥለት ዓመታት አልፈዋል፤ ወለል የሌለው ሰው ደግሞ ላውንጅ ገብቶ የት ይቆማል?

ውኃውስ? የአቃቂ ምድር አዲስ አበባ ከምትጠጣው ትልቅ ድርሻ የሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉበት ነው። ተመጋቢው በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ ተቀምጦ፣ ሳያዝዝ የመጣለትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሱቅ ዋጋ በእጥፍ ይጠጣል። መመለስማ ይቻላል። ችግሩ፣ አስተናጋጇ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጧ ክዳኑ «ጠቅ» ብሏል።

የሰላጣው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው የሚለማው የቆዳ ፋብሪካ፣ የሌሎች ኢንዱስትሪዎችና የከተማው ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውኃ ነው። በቅጠሎቹ ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ሲጽፉ ኖረዋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ተሸክመውት የወረዱትን ሁሉ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ያራግፋሉ፤ አትክልቱ ግን እስከዚያ አይደርስም፣ ወደ ገበያ ይወጣል። ሜኑው «ግሪን ሰላጣ» ብቻ ነው የሚለው። ብረት ካለበትም በነፃ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ አይታሰብበትም። ቅጠሉ ከየት መጣ? ዘይቱ ከስንተኛ ጥብሱ ነው? ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅለው የተያዙ ሰዎች ወሬ በሚሰማበት ከተማ፣ ክትፎው የተለወሰበት ቅቤ በእርግጥ ቅቤ ነው? ዋጋ መጠየቅ ያፈረ ሰው ይህን ሊጠይቅ አይችልም። ለአንዱ ጥያቄ የተዘጋ አፍ ለሌላውም አይከፈትም፤ ቤቱ በአንድ ይሉኝታ ዋጋውንም ጥራቱንም ሸፍኖ ያድራል።

ሸክላ ጥብስ ሲመጣ ጭሱ ይቀድማል። በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ያዘዘው ሰው ይኮራል። ጭሱ ሲበን ከሰሉ ከሥጋው በልጦ ይገኛል፤ ግን ታይቷልና ምን ይላል?

ፍርድ እንዳይጓደል፣ የላውንጁ ባለቤት ኪራይ አለበት፤ ሽንኩርት በሳምንት ውስጥ ዋጋው ሲሰቀል ያውቃል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል። ሆኖም ጤፉም ሽንኩርቱም ዘይቱም በእኩል የጨመረባቸው ሌሎች አሉ። በፋብሪካዎቹ በር ላይና ከባድ መኪኖች በሚቆሙባቸው ሜዳዎች ዳር በላስቲክ ቤት ምግብ የሚሸጡት ሴቶች ሠራተኛውን በወር ኮንትራት ያበላሉ። እዚያ ዋጋ የሚነገረው እጅ ከመታጠቡ በፊት ነው። ሲጨምርም እንደ ሌባ በሌሊት አይለጠፍም። «ልጆች፣ ከሰኞ ጀምሮ አሥር ብር ጨምሬያለሁ፤ ጤፉን አልቻልኩትም» ትላለች ባለቤቷ በሁሉ ፊት። አንዱ «እትዬ፣ አምስት ይሁንልን» ይላል። ሌላው ወጡ ሰሞኑን መቅጠኑን ያነሳባታል። ትቆጣለች፣ ይስቃሉ፣ አንድ ጭልፋ ይጨመራል።

እኚህ ሴት በዘመናዊ መስተንግዶ ረገድ እጅግ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የሚመለከተው አካል ቶሎ ሥልጠና ሊሰጣቸው ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ዋጋን ጮክ ብሎ አለመናገር፤ ሁለተኛው ቀን ውኃን ሳይታዘዙ መክፈት፤ ሦስተኛው ቀን ሣር በግድግዳ ላይ ማልማት። አዳራሽ አይቸግርም፣ መንገዱ ላውንጅ በላውንጅ ነው። የሥልጠናው ክፍያ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ከጠየቁ ግን ገና በሩ ላይ ፈተናውን ወድቀዋል።