ሳያዩ መፍረድ

የኦስካር አካዳሚ በ2025 እ.ኤ.አ. አዲስ ደንብ አወጣ፦ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጥ አባል በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት። እሰይ! እስከዚያ ድረስ እኔና እነሱ እኩል ዳኞች ነበርን ማለት ነው። ፊልሙን ከአካዳሚው ማሳያ ውጭ ያየ አባል ደግሞ ቅጽ ይሞላል አሉ፤ ቅጽ በመሙላትማ ማን ይችለናል!

ለነገሩ አልፈርድባቸውም። «ዘ ብሩታሊስት» የተባለው ፊልም ዕረፍቱን ጨምሮ 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። እኔ በ15 ደቂቃው ዕረፍት ቡና ላፈላ ተነስቼ በዚያው ቀረሁ፤ ስለ ትወናው ያለኝ አቋም ግን የጸና ነው። የፊልሙ ዋና ተዋናይ አድሪያን ብሮዲ ኦስካሩን ሲቀበል ከአምስት ደቂቃ በላይ ተናገረ። ይብቃህ የሚለው ሙዚቃ ሲጀምር እንዲያጠፉት ጠየቀ። ለካ ፊልሙ ገና አላለቀም ኖሯል።