ድራማ ያገኘው ሊቅ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጀምስ ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ ከእኛ ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው በሰከላ ምድር፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር ቆሞ የዓባይን ራስ አገኘሁ ሲል ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሣልሳይ ጤና በጠጣ ጊዜ፣ ያንን ውኃ የአገሬው ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በእንስራ ሲቀዳው፣ ጠበል ብሎም ሲጠመቅበት የኖረ መሆኑ ከደስታው ቅንጣት አልቀነሰበትም፤ ከእርሱ 152 ዓመት ቀድሞ በ1618 ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ካህን እዚያው መድረሱንም አላምንም ብሏል። ይህ ጸጋ በእኛ ዘመን ለአንድ ወዳጄ ተላልፏል፤ እርሱ ያገኘው ግን ድራማ ነው።

ወዳጄ፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የኢስታንቡልን ሠፈር ከቡሬ ቀበሌ አብልጦ የሚያውቅ፣ «የሀበሻ ድራማ» የተባለ እንደሆነ ግን የሻገተ እንጀራ እንደ ቀረበለት ሰው ፊቱን የሚያዞር ምሁር ነው። እርግጥ በእኛም ዘንድ መኪና እስኪቆም፣ በር እስኪከፈት ግማሹ ክፍል የሚያልቅበት ድራማ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሁለት ቱርኮች ተያይተው ቃል እስኪተነፍሱ ቡናው ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦሉ ሲጠጣ ወዳጄ «ጥበብ ማለት ይህ ነው» ይላል።

ባለፈው ክረምት፣ መብራት በሄደበት ሌሊት፣ በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን የሀበሻ ድራማ «እረኛዬ»ን በስልኩ አየ። በማግሥቱ ቡና ቤት ሰብስቦን፣ ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ የሀበሻ አይመስልም!» አለን። ቡና ቀጂዋ ስኒውን እያቀረበች «ጋሼ፣ እኛ እኮ አልቅሰንበት ከጨረስን ቆየን» ብትለው፣ ብሩስ የግሽን እረኛ ባየበት ዓይን አያት።

እኔ ግን ይህን የመሰለ ምስጋና በአንድ ድራማ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር እመክራለሁ። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ከረጢቱን ሲፈታ «ግሩም ነው፣ የቡሬ አይመስልም» እንበለው፤ ሙሽራይቱን ስናመሰግን እናቷ እየሰማች «የእርስዎ ልጅ አትመስልም» እንበል፤ የዋሸራ ቅኔ መምህርም ተቀኝተው ሲቀመጡ «የኔታ፣ የዋሸራ አይመስልም» ብለን እጅ እንንሣ፤ ከመቋሚያው በጤና ካመለጥን ማለት ነው። ደበሎ የለበሰ ተማሪ በሰምና ወርቅ ሲራቀቅ በሚያድርበት አገር፣ የአገሩ ሰው በጻፈው ቃለ ተውኔት ውስጥ ኅብር መገኘቱ ወዳጄን እንዲህ ማስደነቁ፣ ራሱ ሌላ ድራማ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛ ግኝት ላይ ደርሷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባል ታሪክ በድራማ መቅረቡን ሰምቶ፣ ከየትኛው የቱርክ መጽሐፍ እንደ ተተረጎመ እያጠያየቀ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ መታተሙን፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም እዚሁ ጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት መወለዳቸውን እስካሁን የነገረው የለም፤ አንባቢም ቢያገኙት እባክዎ እንዳይነግሩት።