በአሥር ዓመቱ ጡረታ

ሰው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ ትንሽም ብትሆን አበል ይቆረጥለታል። ዊንዶውስ 7 ግን በ2009 ተወልዶ በጥር 2020 «በቃህ» ተባለ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ዕቃውም የነሱ ነው።) ዊንዶውስ 10 በ2015 መጣ፣ በጥቅምት 2025 እሱንም አሰናበቱት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ገና ፊደል እቆጥር ነበር።

የልጅ ልጄማ በእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፍርዱን ጨርሷል። «አባባ፣ ይጣሉት፤ ጊዜው አልፎበታል» ይለኛል። ምኑ ነው ያለፈበት? ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። «እንግዲያው ዊንዶውስ 11ን ጫንልኝ» ስለው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል አለኝ። ፕሮሰሰሩም ከተፈቀዱት ስም ዝርዝር ውስጥ የለም። ክሮምም ቢሆን ዊንዶውስ 7ን ከ109ኛው ዕትም ወዲህ ዞር ብሎ አላየውም።

አንድ ሰሞን ደግሞ የከፈትኩት ድረ ገጽ ሁሉ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሰኝ ጀመር። ልጁ «ቫይረስ ነው» አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረምሳ ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» አለ፤ እነሱ ዘንድ ለራስ ምታትም መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ክዳኑን ፈትቼ አቧራውን እፍ ብል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ተቀምጣለች፤ ሲአር 2032 ይላል ጀርባዋ። አልቃለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ 2010 ይመለሳል። ድረ ገጾቹ የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚጸና ነው፤ ኮምፒውተሬ 2010 ላይ ቆሞ የዘንድሮውን ወረቀት ሲያይ «ይሄ ገና መች ተጻፈ?» ይላል። አገር ምድሩ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲኖር በር የዘጋበት የለም! ባትሪዋን ለወጥኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ተከፈተ። ጎረምሳው እስከ ዛሬ አላመነኝም።

ማሻሻያ የሚሉትስ? የወር ጥቅሌን በአንድ ሌሊት ጨርሶት ያድራል። ዊንዶውስ 10 ላይ ዋይፋዩን «ሚተርድ ኮኔክሽን» ብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ ያኔ አብዛኛውን ሳያስፈቅድ አያወርድም። ጨርሶ መዝጋት ግን አይሆንም፤ ይህን ቅር እያለኝ እናገራለሁ። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ጡረታ ወጣ ማለትም ይኸው ነው፦ ዕቃው መሥራቱን አይተውም፣ ቀዳዳውን የሚደፍንለት ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ሊኑክስ ሚንት ተጫነበት። ነፃ ነው፣ ክራክ አያስፈልገውም፣ ማሻሻያውም እስካሁን ይመጣለታል። ሐርድ ዲስኩም በኤስኤስዲ ተተካ፤ ድሮ ሲነሳ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣ ነበር፣ አሁን ስኒው ሳይቀርብ ይከፈታል። ልጁ «አዩት አባባ?» በሚል ፊት ያየኛል። ደስ እንዳይለው ዝም አልኩት።

ጓዳ ያለውን የኤክስፒ ኮምፒውተር ግን የሚነካብኝ የለም። የዕድራችን ደንብና የስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈው እዚያ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሰው ቋንቋ የማይመስል የላቲን ፊደል ይዘረገፋል። ኤክስፒ መደበኛ ማሻሻያ ያጣው ከሚያዝያ 2014 ወዲህ ነው። እናንተም ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ያኖራችሁት ካለ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉለት፤ ጽሑፉን ሳይውል ሳያድር አትሙት፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ከሚያመጣው ከልጆቹ ፍላሽም ጠብቁት።