በነሐሴ ገምግሙ፣ በግንቦት አትምጡ

የፕሮግራማችሁን ውጤታማነት በምን እንደምትለኩ ግራ የገባችሁ ባለሙያዎች ሆይ፣ እንቅልፍ አትጡ። ለምሳሌ በይፋቷ አሊዩ አምባ ዳገቶች ላይ ችግኝ ልታስተክሉ ነው እንበል። የግምገማ ዕቅዱ ከችግኙ ቀድሞ የሚጸድቅበት ዘዴ አለ።

ከሁሉ በፊት መነሻ አትመዝግቡ። ከዘመቻው በፊት ዳገቱ ላይ ስንት ዛፍ ነበር ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው። አጠገቡ ምንም ሳይተከልበት ከከብት የተከለለ መሬት ካለም ፊታችሁን አዙሩ። እረኛ ስላልገባበት ብቻ ግራሩን በራሱ ጊዜ አብቅሎ ቢገኝ የእናንተ በጀት ምን ሊባል ነው?

ቀጥሎ የተተከለውን ቁጠሩ፤ የበቀለውን ተዉት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገሪቱ በ12 ሰዓት 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል አቅዳ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነገረ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ 500 ሚሊዮን ታቅዶ 566 ሚሊዮን ተባለ። ጀንበሯ ሳትበርድ ውጤቱ ታውጇል፤ ከዚህ ወዲያ ገምጋሚ ምን ይሠራል? ችግኙ ቢደርቅም ቁጥሩ ጸድቋል።

የግድ መስክ እንውጣ ካላችሁ በነሐሴ ውጡ። ያኔ የይፋት ድንጋይ ራሱ አረንጓዴ ነው። ግንቦትን ፍሩት፤ ፍየል ቀድማችሁ ገምግማ ትጠብቃችኋለች። ናሙናችሁ ከመኪና መንገዱ አይራቅ። ችግኙን ጎተት አድርጎ ማየትም ነውር ነው፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሳይወልቅለት የተተከለ ከሆነ ከነአፈሩ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ቼክሊስታችሁ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ የሚሞላበት ቦታ የለም። የደረቀውን በሌላ ከተካችሁ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ሁለቱም ተተክለዋልና።

የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠውን ሴፍቲኔት እንዳጠኑት ሰዎች እንዳትሆኑ ብቻ! ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከ1998 ዓ.ም. አንሥቶ በየሁለት ዓመቱ ያንኑ ቤተሰብ እየተመለሱ ጠየቁ። ይባስ ብለው ምንም ያላገኘውንም ጎረቤት ጠይቀው አወዳደሩ። ይህን ሁሉ ደክመው ምን አመጡ? አምስት ዓመት የተረዳ ቤተሰብ የረሃብ ጊዜው ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ቀን አጠረለት አሉ። ይኼ ሪፖርት ነው? «ከዕቅድ በላይ» የምትል አንዲት ሐረግ እንኳ የለችበትም።

የአሊዩ አምባ የድሮ ነጋዴም ለዘመናዊ ግምገማ አይመችም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በ1833 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ከተማዋ በዓርብ ገበያዋ የታወቀች፣ የቅፍለት ማረፊያ ነበረች። ያ ነጋዴ ከታጁራ ስንት ጭነት እንደተነሣ ቢነገረው አይጨፍርም፤ የገባውን ነው የሚቆጥረው። የተሸረፈ አሞሌ ጨውም በሙሉ ዋጋ አይቀበልም። አበል ስላልነበረው ይሆናል።

ከምር ማወቅ የምትፈልጉ ጥቂቶች ካላችሁ ግን፣ ከመትከላችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ሳይተከልበት የሚቆይ ዳገትም ለማወዳደሪያ አስቀሩ። ቆጣሪው ከተከለው መሥሪያ ቤት አይምጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት ተመለሱ፤ ከመቶው አርባው ብቻ ቆሞ ካገኛችሁ አርባ ብላችሁ ጻፉ።